ጊታሩን ማን አፈነው?

እሑድ ጠዋት አምልኮው አልቆ በአዳራሹ በር ላይ ሰው ስሰናበት፣ ከፊተኛው ወንበር የማይጠፉ አንዲት እናታችን እጄን ያዝ አድርገው ወደ ጥግ ወሰዱኝ። ዕድሜያቸው ከሰማንያ ያልፋል። «ልጄ፣ ያ በሽቦ የታሰረው ነገር ምን እያለ ነው?» አሉኝ። ጊታሩን ማለታቸው ነበር። «ጌታን እያመሰገነ ነዋ፣ እማማ» ብዬ በሳቅ ላልፈው ስል፣ «እሱስ ያመስግን። እኔ ግን የምንዘምረውን ቃል መስማት አቃተኝ፤ ሁሉ ነገር ተደበላለቀብኝ» አሉና ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ ታክሲ መያዣው ወረዱ።

እማማ ብቻ ቢሆኑ ኖሮ በዕድሜ አሳብቤ እተወው ነበር። ነገር ግን በዚያው ሰሞን ተመሳሳይ ቅሬታ ለመጋቢው፣ ማለትም ለባለቤቴ፣ ከሌላም አቅጣጫ ደርሶታል። ከሽማግሌዎቻችን አንዱ ጊታሩ ከእሑድ ጠዋቱ አምልኮ ወጥቶ ለወጣቶች ፕሮግራም ብቻ ይዋል የሚል ሐሳብ ለስብሰባ አቅርበዋል። ሚክሰሩ ላይ የሚያገለግለው ወንድም ደግሞ «እኔ በቀነስኩ ቁጥር እሱ ይጨምራል» እያለ ያማርራል። «እሱ» የተባለው ጊታር ተጫዋቻችን ነው።

ይህ ወንድም ካገባ ዓመት አልሞላውም። ባለቤቱ ከመዘምራኑ ጋር ታገለግላለች፤ የመጀመሪያ ልጃቸውን ልትወልድ ሦስት ወር ቀርቷታል። ማክሰኞ ማታ ሁለቱም ቤታችን መጡ። ሻዩ ሳይቀዳ ነገሩ ወጣ። እርሱ የጊታሩ ድምፅ ታፍኗል፣ ፒክአፑ ሞቷል ብሎ አምኗል፤ ከውጭ አገር የሚመጣ አንድ የሚያውቀው ሰው አዲስ እንዲያመጣለት ገንዘብ ሊልክ ነው። ገንዘቡ ደግሞ ለመውለጃ ብለው ያስቀመጡት ነው። እርሷ «ልጁን በምን እንቀበለዋለን?» ትላለች። እርሱ «ለጌታ የምናቀርበው እኮ የተሻለው መሆን አለበት» ይላል። ሁለቱም እውነት አላቸው፤ ሁለቱም አኩርፈዋል። በመጨረሻ እርሱ አንገቱን ደፍቶ፣ «እንዲያውም ጊታሩን ልሽጠውና አገልግሎቱም ይቅር» አለ። ባለቤቴ ያን ጊዜ ነው የሻይ ብርጭቆውን ያስቀመጠው።

ውድ አንባቢያን፣ እኔ በመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ የተማርኩት ግሪክኛና የስብከት ዝግጅት ነው፤ ስለ ኤሌክትሪክ ያስተማረኝ የለም። ባለቤቴም ካቻቪቴ የሚያነሣው የምድጃው መሰኪያ ሲቃጠል ብቻ ነው። ስለዚህ ሰው ጠራን። ከምእመናኖቻችን መካከል በወጣትነቱ በሆቴል ባንዶች ጊታር ይጫወት የነበረ፣ አሁን ግን የልጅ ልጅ ያየ አንድ ወንድም ፈረንሳይ ለጋሲዮን አካባቢ ይኖራል። ረቡዕ ማታ በዝናብ መጣ። ጊታሩን ከማንሣቱ በፊት ጎንበስ ብሎ በዓይኑ ብቻ አየውና ሳቀ። «ይህ ሰው ማግኔቱን ከክሩ ጋር ሊያጋባው ነው እንዴ?» አለ። ባልና ሚስቱ እርስ በርስ ተያዩ፤ ከማክሰኞ ወዲህ መጀመሪያ የተያዩት ያኔ ይመስለኛል።

ከክሩ ሥር ያለችው ሳጥን

እንደ እኔ ለማታውቁት ላስረዳ። በኤሌክትሪክ ጊታር ሆድ ላይ፣ ከክሮቹ ሥር፣ ሁለት ወይም ሦስት ትንንሽ ሳጥን መሳይ ነገሮች አሉ። ፒክአፕ የሚባሉት እነርሱ ናቸው። እኔ ማይክሮፎን ይመስሉኝ ነበር፤ አይደሉም። በውስጣቸው ማግኔት አለ፤ በማግኔቱ ዙሪያ ከፀጉር የማይወፍር፣ 0.06 ሚሊሜትር ገደማ የሆነ የመዳብ ሽቦ ተጠምጥሟል። በአንዲት ባለ ነጠላ ጥቅል ፒክአፕ ላይ ሽቦው ወደ 8000 ዙር ይጠጋል፤ ተፈትቶ ቢዘረጋ ከአንድ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። የብረቱ ክር ሲመታና ሲርገበገብ የማግኔቱን ኃይል ያውከዋል፤ በዚያ ምክንያት በጥቅሉ ውስጥ እጅግ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል፤ እርሱ ነው በኬብል ሄዶ በስፒከር ድምፅ የሚሆነው።

እንግዲህ ፒክአፕ የሚሰማው ብረትን ነው። አንዳንድ መዘምራን ክራራቸው ላይ የጊታር ፒክአፕ አስገጥመው ዝም ሲልባቸው ተታለልን ብለው ሻጩን ይረግማሉ። ሻጩ ምን ያድርግ? የክራሩ ክር ናይሎን ወይም ጅማት ከሆነ ማግኔቱ አያውቀውም። ለእንዲህ ያለው ክራር ከእንጨቱ ላይ የሚለጠፍና የእንጨቱን መንቀጥቀጥ የሚያዳምጥ ሌላ ዓይነት ፒክአፕ አለ፤ ፒየዞ ይሉታል።

ነገሩ የተጀመረው በአሜሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1931 ጆርጅ ቢቻም የሚባል ሰው የመጀመሪያውን የሚሠራ የማግኔት ፒክአፕ ሠራ፤ የተገጠመበት ጊታር ቅርጹ ክብና አንገቱ ረጅም ስለነበር «መጥበሻው» የሚል ቅጽል ስም ወጣለት። ዛሬ በየአዳራሻችን የምናየው ሁለት ቀንድ ያለው ጊታር ደግሞ ሊዮ ፌንደር እ.ኤ.አ. በ1954 ካወጣው ስትራቶካስተር የተቀዳ ነው። ፌንደር ሬዲዮ ጠጋኝ ነበረ፤ የሚገርመው ራሱ ጊታር መጫወት አይችልም ነበር። ይህን ስሰማ እኔም ካቻቪቴውን ለመጨበጥ ድፍረት አገኘሁ። ውጤቱን በኋላ ታነባላችሁ።

መቅረብ ሲበዛ

የወጣቱ ወንድማችን አስተሳሰብ ሲሰሙት ትክክል ይመስላል። ድምፁ ከታፈነ ፒክአፑን ወደ ክሩ ማስጠጋት ነው፤ ሲጠጋ በደንብ ይሰማል። እንዲህ እያለ በየሳምንቱ ብሎኑን ትንሽ ትንሽ ሲያጠብቅ ወራት አልፈዋል። ፒክአፑ ሲጠጋ ጉልበቱ ይጨምራል፤ ይህ እውነት ነው። ጉልበትና ጥራት ግን አንድ አይደሉም።

ማግኔት ብረት ይስባል። በጣም ሲቀርብ ክሩን ወደ ራሱ እየጎተተ እንደ ልቡ እንዳይርገበገብ ይይዘዋል። በተለይ ወፍራሞቹ ክሮች ብረታቸው ብዙ ስለሆነ የበለጠ ይጎተታሉ። ታላቁ ወንድም ወፍራሙን ክር ወደ ሆዱ በተጠጋው ፍሬት ላይ ተጭኖ ሲመታው በጆሮዬ ሰማሁት፤ አንድ ድምፅ መሆን ሲገባው ሁለት የተጣሉ ድምፆች ይመስል እየተንቀጠቀጠ «ዋው ዋው ዋው» ይላል። የመቃኛ መሣሪያው መርፌ አንድ ቦታ አልቆም አለ። «ልጁ ሁልጊዜ እየቃኘ ቅኝቱ የሚጠፋበት ለዚህ ነው» አለ። በዚያ ላይ የወፍራሞቹ ክሮች ጉልበት እጅግ ስለሚበዛ ቀጫጭኖቹን ይሸፍናቸዋል፤ ወደ ሚክሰሩም ሲገባ ይደፈርሳል። ደፍርሶ ሲሰማው ተጫዋቹ ደግሞ የታፈነ መስሎት እንደገና ያስጠጋዋል።

ስለዚህ ፈውሱ ተቃራኒው ነው፤ ፒክአፑን ከክሩ ማራቅ። ምን ያህል? የሚለካው ክሩን በመጨረሻው ፍሬት ላይ ተጭኖ ከክሩ ሥር እስከ ማግኔቱ ጫፍ ያለውን ክፍተት በማየት ነው። የፌንደር ፋብሪካ ለተለመደው ባለ ነጠላ ጥቅል ፒክአፕ በወፍራሙ ክር በኩል 2 ሚሊሜትር፣ በቀጭኑ በኩል 1.6 ሚሊሜትር ገደማ ይመክራል፤ ለድሮው ዓይነት 2.4 እና 2 ሚሊሜትር፤ ባለ ሁለት ጥቅል ለሆነው ሀምበከር በሁለቱም በኩል 1.6 ሚሊሜትር። እነዚህ መነሻዎች ናቸው፤ ከዚያ በኋላ ዳኛው ጆሮ ነው።

መለኪያ ግን በቤታችን አልነበረም። የልጆቼ ማስመሪያ ጫፉ ተሰብሯል፤ የብረት ማስመሪያ ደግሞ ማግኔቱ ላይ ይጣበቃል። እያሰብን ሳለ ነፍሰ ጡሯ እህታችን ቦርሳዋን ከፍታ ጊዜው ያለፈበት የባንክ ካርድ አወጣች። የባንክ ካርድ ውፍረቱ በዓለም ዙሪያ አንድ ነው፤ 0.76 ሚሊሜትር። ሁለት ካርድ ሲደራረብ 1.5፣ ሦስት ሲሆን 2.3 ሚሊሜትር ገደማ ይመጣል። ከእኔም ከባለቤቴም ቦርሳ የጎደለው ተሟላ። አደራ፣ የምትሠሩበትን ካርድ እንዳትጠቀሙ! ማግኔቱ ከጀርባው ያለውን ጥቁር መስመር ሊያበላሸው ይችላል። ደብዳቤና ቁጥር ጎላ ብሎ የተጻፈበትን ክፍል ትታችሁ በለስላሳው በኩል ለኩ።

ለካን። በእኛ ጊታር ላይ ከወፍራሙ ክር ሥር አንድ ካርድ እንኳ አላልፍ አለ።

ከፒክአፑ ግራና ቀኝ አንዳንድ ብሎን አለ። ወደ ቀኝ ሲዞር ፒክአፑ ከፍ ይላል፣ ወደ ግራ ሲዞር ይወርዳል። ዞሮ ዞሮ እኔም ልሞክር አልኩና ካቻቪቴውን ተቀበልኩ። ሩብ ዙር፣ ከዚያ ጆሮ፣ ከዚያ ሩብ ዙር ተብዬ ነበር። ወሬ ይዤ ወደ ግራ ሳዞር፣ ሳዞር፣ «ጧ» አለና ፒክአፑ ጊታሩ ሆድ ውስጥ ገባ፤ በብሎኑ ዙሪያ የነበረችው ትንሽ ሞላ ተስፈንጥራ ሶፋ ሥር ጠፋች። አንድ መጋቢና አንድ ጊታር ተጫዋች በስልክ መብራት ሶፋ ሥር ተንበርክከው ሞላ ሲፈልጉ ማየት የሚረሳ አይደለም። ክሮቹን ፈትተን፣ ነጩን ሽፋን የያዙትን ብሎኖች አንድ በአንድ አውጥተን እንደገና ገጠምነው። በጥፋቴ ግማሽ ሰዓት ሄደ። ካቻቪቴው ወደ ጥቅሉ ቢያመልጥ ኖሮ ያቺን ፀጉር የምታህል ሽቦ በጥሶ ፒክአፑን በእውነት ይገድለው ነበር፤ ለዚህ ጥንቁቆች ከመጀመራቸው በፊት ፒክአፑን በወረቀት ፕላስተር ይሸፍኑታል።

ከጥፋቴ አንድ በጎ ነገር ወጣ። ክሮቹ ከተፈቱ ዘንድ አሮጌዎቹን መልሶ መግጠም አያስፈልግም ተባለ። ከቃጫ ጨርቅ ላይ ስንጠርጋቸው ጥቁር ዝገት ለቀቁ። የዛገና ላብ የጠጣ ክር ምንም ቢደረግ ኩልል አይልም። የአዲስ ክር ዋጋ ከአዲስ ፒክአፕ ዋጋ ጋር አይወዳደርም፤ ድምፁ የደነገዘበት ሰው መጀመሪያ ማየት ያለበት እዚህ ላይ ነው። ከእያንዳንዱ ፕሮግራም በኋላ በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ደግሞ ዋጋ የለውም።

ከዚያ እውነተኛው ሥራ ተጀመረ። ወጣቱ ይጫወታል፣ ታላቁ ወንድም ብሎኑን ይይዛል። ባለቤቱ ከሳሎኑ ወዲያኛው ጫፍ፣ የማእድ ቤቱ በር ላይ ተደግፋ በዝግታ ትዘምራለች። ወፍራሙ በኩል ሦስት ካርድ እስኪያሳልፍ ወረደ። ቀጭኑ በኩል ወርዶ ወርዶ እንደገና ትንሽ ከፍ አለ፤ ሁለት ካርድ ላይ ቆመ። ይህ ክሮቹ ከሚታሰሩበት ከብሪጁ አጠገብ ያለው ፒክአፕ ነው፤ እዚያ ክሩ ብዙ ስለማይወዛወዝ ጠጋ ቢል አይጎዳም፣ ድምፁም ብሩህ ነው። ወደ አንገቱ ያለው ግን ክሩ በሰፊው ከሚወዛወዝበት ሥር ስለሆነ ከዚያ ይልቅ ዝቅ ማለት አለበት። አለበለዚያ መቀየሪያውን ከአንዱ ወደ ሌላው ሲያዞሩት ድምፁ በድንገት ይጮኻል። ጥራቱ የመጣው አንድ ጊዜ አይደለም። ሩብ ዙር፣ ገና ነው። ሩብ ዙር፣ ገና ነው። ከዚያ ከማእድ ቤቱ በር፣ «እዚያ ላይ ተወው! አሁን የራሴን ድምፅ ሰማሁት» አለች።

ባሏ ጊታሩን አቁሞ ዞር አለ። «እስከ ዛሬ አትሰሚም ነበር?» አላት።

«አንተ ስትጫወት? ከሠርጋችን በፊት ጀምሮ» አለችው።

አዳራሹ ሲጨመርበት

ሳሎን ውስጥ የጠራው ቅዳሜ በአዳራሹ ልምምድ ላይ እንደገና ደነገዘ። ይህን የምጽፈው እንደ እኛ ፒክአፕ አስተካክለው ውጤት ያጡ ተስፋ እንዳይቆርጡ ነው።

የእኛ አዳራሽ ከኮተቤ መንገድ ገባ ብሎ፣ ከተራራው ግርጌ ነው፤ ግድግዳው ብሎኬት፣ ወለሉ ሲሚንቶ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ። ወጣቶቻችን አንዳንድ ቅዳሜ ወደ እንጦጦው በኩል ወጥተው በባሕር ዛፉ መካከል ሲጸልዩ ተራውን የእንጨት ጊታር ይዘው ይሄዳሉ። ሲመለሱ «እዚያ ሁሉም ነገር ይሰማል፤ እዚህ ኤሌክትሪኩ ነው ያበላሸው» ይላሉ። ተራራው ላይ እኮ ግድግዳ የለም፤ ድምፁ ይሄዳል እንጂ አይመለስም። በአዳራሻችን ግን ከቆርቆሮው፣ ከሲሚንቶው፣ ከብሎኬቱ እየነጠረ ይመለሳል፤ ወፍራሙ ድምፅ ቶሎ አይሞትምና በኪቦርዱ ግራ እጅ፣ በቤዝ ጊታሩና በከበሮው ላይ ይከመራል። ስለዚህ ጊታሩ ወፍራሙን ለቤዙ ትቶ በቀጭኑ በኩል ቢቆም ለሁሉም ቦታ ይኖራል። በአምፕሊፋየሩ ላይም ቤዝ የሚለውን ቁልፍ ከመጨመር መቀነስ ነው።

ዋናው አፋኝ ግን ኬብሉና አገባቡ ነበር። ወጣቱ ከመድረኩ ተነሥቶ አዳራሹን በሚዞር ረጅም ኬብል ጊታሩን በቀጥታ ሚክሰሩ ላይ ይሰካው ነበር። በብዙ አብያተ ክርስቲያናት የማየው ይህንኑ ነው። ፒክአፕ ደካማ ነገር ነው፤ የሚሰጠው ኤሌክትሪክ እጅግ ጥቂት ስለሆነ ብዙ የማይጠጣበት ተቀባይ ይፈልጋል። የጊታር አምፕሊፋየር መግቢያ 1 ሜጋ ኦም ያህል ነው፤ የሚክሰሩ የተለመደው መስመር መግቢያ ግን ብዙ ጊዜ 10 ሺህ ኦም አካባቢ ነው፤ በመቶ እጥፍ ያነሰ ማለት ነው። እዚያ ሲሰካ መጀመሪያ የሚጠፋው ቀጭኑና ብሩሁ ድምፅ ነው። ረጅም ኬብልም በየሜትሩ ከዚያው ብሩህ ድምፅ ላይ ይቆነጥራል። ለጊታር አምስት ስድስት ሜትር ይበቃል። ከዕቃ ቤት አቧራ የጠጣ ትንሽ አምፕሊፋየር አወጣን፤ ጊታሩ በአጭር ኬብል እርሱ ላይ ተሰካ፤ ከፊቱ ማይክ ቆመና ወደ ሞንታርቦዎቹ ሄደ። አምፕሊፋየር የሌላት ቤተ ክርስቲያን ዲ አይ ቦክስ የምትባለውን ትንሽ ሳጥን በመካከል ብታስገባ ይበቃል። የጊታር እንዲሆን የተሠራ መግቢያ ያለው ሚክሰርም አለ፤ ምልክቱን ፈልጉ።

ልዩነቱን በዚያ አዳራሽ የሰማ ሁሉ ሰማው። ሚክሰሩ ላይ ያለው ወንድም መዞሪያውን ሊቀንስ እጁን ዘርግቶ፣ ሳይነካው መለሰው።

ጉምጉምታውም ሌላ ጉዳይ ነው። ባለ ነጠላ ጥቅል ፒክአፕ ክሩን ብቻ አይሰማም፤ የመብራት ኃይላችንን 50 ኸርዝም፣ ረጃጅሞቹን ነጫጭ አምፖሎችም ይሰማል። ወንድማችን ይህን ለመደበቅ የቶን ቁልፉን ወደ ግማሽ ዘግቶ ይጫወት ነበር፤ ጉምጉምታውን ሲደብቅ ብርሃኑንም ደበቀው። ሴት ላቨር የተባለ የጊብሰን ኩባንያ ሠራተኛ እ.ኤ.አ. በ1955 ሀምበከሩን የፈጠረው ለዚህ ነው፤ ሁለት ጥቅሎች በተቃራኒ ሆነው ይጠመጠማሉ፣ ከውጭ የመጣው ጉምጉምታ እርስ በርሱ ይጣፋል፣ የክሩ ድምፅ ግን ይደመራል። አዲስ መግዛት ሳያስፈልግም፣ ሦስት ፒክአፕ ባላቸው ብዙ ጊታሮች ላይ መቀየሪያው በሁለተኛውና በአራተኛው ቦታ ሲሆን ሁለት ፒክአፖች አብረው ይሠሩና ጉምጉምታው ይቀንሳል። ተጫዋቹ ቆሞበት ከነበረው ትንሽ ዞር ሲልም ይለወጣል። የእኛው አሁን ወደ ግድግዳው ሰዓት ዞሮ ይቆማል። ስብከት ረዘመ የሚል መልእክት እንዳይመስልብን ብቻ ነው።

አንድ ነገር ግን በቀልድ የሚታለፍ አይደለም። ጉምጉምታ ለማጥፋት ብለው የመሬት መስመሩን፣ ኧርዝ የሚባለውን፣ የሚያቋርጡ አሉ። የጊታሩ ክር በኬብሉ በኩል ከአምፕሊፋየሩ ብረት ጋር የተያያዘ ነው። ኧርዙ ከሌለ ወይም ማከፋፈያው ኧርዝ የማያስተላልፍ ከሆነ፣ እጁ ክር ላይ ከንፈሩ ማይክ ላይ ያለ ዘማሪ መንገድ ይሆናል። ማይኩ ከንፈር ቆንጠጥ የሚያደርግባችሁ ካለ መንፈሳዊ ነገር አታድርጉት፤ ከእሑድ በፊት ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጥሩ።

የተራራው አየርም የራሱን ይሠራል። የጊታር አንገት እንጨት ነው፤ በክረምት እርጥበት ያብጣል፣ በጥርና በየካቲት ድርቀት ይኮማተራል፤ ሲጎብጥና ሲቃና ክሩ ከፍና ዝቅ ይላል፤ ክሩ ሲነሣና ሲወርድ ከፒክአፑ ያለው ርቀት ይለወጣል። ስለዚህ መጀመሪያ አንገቱንና የክሩን ከፍታ፣ ከዚያ ፒክአፑን። በአንገቱ ውስጥ ያለውን የብረት ዘንግ ለሚያውቅ ሰው ተዉለት፤ እኔ እንኳ አልነካሁትም።

የእነ እማማ ጆሮ

ታላቁ ወንድም ያን ማታ እራት ላይ ስለ ወጣትነቱ አወራን። በአዲስ አበባ የጊታር ወግ ሲነሣ የማይታለፍ ስም የሰላም ስዩም ነው፤ በኢቤክስ፣ ኋላም በሮሃ ባንድ ውስጥ ጊታር የተጫወተ። ኢቤክስ እ.ኤ.አ. በ1975 ከማሕሙድ አሕመድ ጋር «ኧረ መላ መላ»ን ሲቀዳ የነበረው ጊታር እርሱ ነው። ይህን ስጽፍ ቅንድባቸውን የሚያነሡ አንባቢያን እንዳሉ አውቃለሁ፤ ዘፈን ልጋብዛችሁ አይደለም። ወንድማችን ያለን ነገር ስለ ጆሮ ነው፦ በዚያ ዘመን በትንባ መካከል ጊታሩ የሚለየው በመጮኹ አልነበረም፣ በመጥራቱ እንጂ። ቅኝቶቻችን አምስት ድምፅ ናቸው፤ በመካከላቸውም ሰፊ ቦታ ያለባቸው አሉ። ትዝታም ሆነ ባቲ በክራር ሲመታ እያንዳንዱ ምት ተለይቶ ይሰማል፤ በደፈረሰ ጊታር ሲመታ ግን ያ ቦታ በጭቃ ይሞላል። ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በመጀመሪያው መልእክቱ በ14ኛው ምዕራፍ ስለ ዋሽንትና ክራር ያነሣውን አስቡት፤ ድምፃቸው ካልተለየ የሚጫወቱት አይታወቅም ነው የሚለው። እኔ ያንን ክፍል በኮሌጅ ስለ ልሳን ብቻ አድርጌ ነበር የተማርኩት።

ስለ እማማም ያሰብኩት በዚያ ማታ ነው። በደርግ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በጥር 1982 የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ተዘግታ ንብረቷ ሲወረስ፣ ሌሎችም ብዙ አጥቢያዎች በየስፍራው ሲታሸጉ፣ አማኞች በየቤቱ በጥቂት በጥቂቱ ይሰበሰቡ ነበር። በእማማም ቤት እንዲህ ያለ ኅብረት ነበር። መስኮት ተዘግቶ፣ ጎረቤት እንዳይሰማ በሹክሹክታ ይዘመራል። መሣሪያ የለም፣ ጭብጨባ የለም። እ.ኤ.አ. በ1991 ሥርዓቱ ወድቆ በሮች እስኪከፈቱ ድረስ እነዚህ እናቶች መዝሙርን የያዙት በቃሉ ነው። በሹክሹክታ የተማረ ጆሮ ቃል ሲጠፋበት መዝሙሩ ሁሉ ይጠፋበታል። ወጣቱ ይህን ሲሰማ ምንም አልተናገረም። የቮልዩም ቁልፉን ብቻ ሲነካካ ቆየ።

እሑድ መጣ። እኔ ሆን ብዬ ከእማማ አጠገብ ተቀመጥኩ። ጊታሩ ከመጀመሪያው መዝሙር እስከ መጨረሻው ተጫወተ፤ ምቱ እንደ ውኃ ጠብታ ተለይቶ ይሰማኝ ነበር። እማማ ዓይናቸውን ጨፍነው ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ቃሉን ከመዘምራኑ ጋር እኩል ነበር የሚሉት። ሲያልቅ ወደ እኔ ዞረው፣ «ዛሬ ያ ልጅ አልመጣም እንዴ? ጊታሩ የለም ልበል?» አሉኝ።

ወጣቱ ኬብሉን እየጠቀለለ ሦስት እርምጃ ርቀት ላይ ነበር። ፊቱ ሲለዋወጥ፣ ሊከፋ ሲል፣ ከመድረኩ ባለቤቱ በእጇ አፏን ይዛ ስትስቅ አየና እርሱም ሳቀ። «ነበርኩ እኮ እማማ» አላቸው። «እንዲህ ከሆነማ ሁልጊዜ ና» አሉት።

የሽማግሌዎች ስብሰባ ጊታሩ በእሑድ ጠዋቱ አምልኮ እንዲቆይ ወስኗል፤ ሐሳቡን ያቀረቡት አባት ግን ገና ሙሉ በሙሉ አልተዋጠላቸውም፤ ለሦስት ወር ይታይ ብለዋል። የመውለጃው ገንዘብ ባንክ ውስጥ ነው። አዲስ ፒክአፕ አሁንም ያምረዋል፣ አልዋሽም፤ ልጁ ከተወለደ በኋላ እናየዋለን ተባብለዋል። ሦስቱ ጊዜ ያለፈባቸው ካርዶች በጊታሩ ቦርሳ ኪስ ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ዝናቡ ቆሞ አየሩ ሲደርቅ እንደገና ይለካል፤ ብሎኑን ግን እኔ አልነካም።